ከሥዕሉ በስተጀርባ ያለው ሸማ

ጥር 23 ቀን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ እኛ ተማሪዎች ከመንገዱ ዳር ቆመን ፈረሱንና ጋላቢውን እናደንቃለን። ጋላቢው የተጐናጸፈውን ጋቢ ማን እንደ ሠራው የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም። ይህችን አጭር ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

ሸማኔ ብቻውን የሚሠራ ባለ እጅ አይደለም። አስቀድሞ እናቶቻችን ጥጡን ፈልቅቀው፣ ነድፈውና ባዝተው በእንዝርት ይፈትሉለታል። ይህን አንባቢ በየቤቱ ያየው ስለ ሆነ አላስረዝመውም። ብዙዎቻችን የማናውቀው ሸማኔው ከሠዓሊ ጋር ተባብሮ የሠራውን ነው።

በጐንደር ዘመንና ከዚያም በኋላ፣ የቤተ መቅደስ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ በባዶ ግድግዳ ላይ የሚሣል አልነበረም። ሥዕሉ የሚያርፈው በጥጥ ሸማ ላይ ነበር፤ ሸማውም ከጭቃው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። የፋብሪካ አቡጀዴ ገና ባልነበረበት በዚያ ጊዜ፣ እንዲህ ካለው ሥዕል ሁሉ ሥር የሸማኔ እጅ አለበት ማለት ነው። ሠዓሊው መልኩን ሰጠ፤ ሸማኔው ደግሞ መልኩ የሚቆምበትን መሬት ሰጠ።

በጐንደር ከተማ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች የተሠሩት በዚሁ ዓይነት ነው። በ1924 ዓ.ም. በማርሴል ግሪዮል የሚመራውና ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን እነዚያን ሥዕሎች ከነሸማቸው ከግድግዳው አላቅቆ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። በምትካቸውም የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ቅጂዎች ተተኩ። እንግዲህ ሥዕሉን ለብዙ ዘመን ይዞ ያኖረልን ሸማ፣ ተጠቅልሎ እንዲሄድም ያስቻለው እርሱው ሆነ! ዛሬ ሥዕሎቹ የሚገኙት በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው።

ሸማኔው ራሱ ሠዓሊ የሆነበትም ሥራ አለ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጐንደር ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝሙ የሐር መጋረጃዎች ተሠርተዋል። ሐሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አሠራሩም በመወርወሪያ ብቻ አይደለም፤ በየማዕዘኑ በተበሱ ትንንሽ ሰሌዳዎች ቀዳዳ ክሩ ይገባና ሰሌዳዎቹ በተዞሩ ቍጥር ድሩ እየተጠማዘዘ፣ አንዱ ቀለም ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ይሄዳል። እንዲህ እየተባለ የካህናትና ነፍጥ የያዙ ዘበኞች ምስል በክር ተሣለ። አንዲት ዙር ብትሳሳት ፊት ይጣመማልና ትዕግሥቱን አንባቢ ይገምተው። ከእነዚህ መጋረጃዎች አንዱ ከ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት በኋላ ለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ገባ፤ ሌላው በቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይታያል።

እንዲህ ያለ ጥበብ የሚያውቀውን ሰው አገሩ «ቍጢት በጣሽ» እያለ ይሰድበው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ዐዋጁ ስድቡን ፈጽሞ አላጠፋውም፤ በትምህርት ቤት ግቢ እንኳ አልፎ አልፎ እሰማዋለሁ።

ከእኛ ከቆሰበር ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ ዘጌ የሚሻገር ተማሪ በዑራ ኪዳነ ምሕረት በሸማ ላይ የተሣሉ ሥዕሎችን ያገኛል። ከግድግዳው ጥቂት ለቀቅ ያለ ጫፍ ቢያይ፣ እጁን ሳያስነካ ጠጋ ብሎ ይመልከት፤ ከቀለሙ በታች ድሩና ማጉ ይታየዋል።