የዓባይ ማዶ ተማሪ

እንግዲህ ቀረብ ቀረብ በሉ፤ ከኋላ ያለውም ወደ ፊት ይምጣ። መንገዱ ረዥም ነውና የሚቸኩል ካለ ከአሁኑ ይሂድ፣ አንቀየመውም።

በአሜሪካ አገር፣ ዩታ በሚባለው ግዛት፣ በተራራና በጨው ሐይቅ መካከል ሶልት ሌክ ሲቲ የምትባል ከተማ አለች። የሞርሞኖች መናገሻ ናት። እምነታቸውን ጆሴፍ ስሚዝ የሚባል ሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1830 በኒውዮርክ ግዛት አቆመው፤ እሱ በሰው እጅ ተገደለና ተከታዮቹ እየተሰደዱ፣ ጋሪ እየጎተቱ፣ ሙታናቸውን በየመንገዱ እየቀበሩ ሄደው እዚያ ሰፈሩ። እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ወንድ ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ለስብከት አገልግሎት ያመለክታል፣ ከዚያም ደብዳቤ ይመጣለታል፣ ደብዳቤው ብራዚል ቢል ብራዚል፣ ጋና ቢል ጋና ነው፤ አገሩን የሚመርጠው እሱ አይደለም። ከዚያ ነጭ ሸሚዙን ይለብሳል፣ ክራባቱን ያስራል፣ ስሙ የተጻፈበትን ጥቁር ሰሌዳ ደረቱ ላይ ይለጥፋል፣ እናቱን አቅፎ ይሰናበታል፣ ለሁለት ዓመትም ይሄዳል። ብቻውን አይዞርም፤ ባልንጀራ ይሰጡታል፣ ከሱ ጋር ያድራል፣ ከሱ ጋር ይወጣል፣ ቢጣሉም ከሱ ጋር ይመለሳል። ለብዙ ዘመን ደንባቸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት፣ መጸለይ፣ ማጥናት፣ ከዚያ በየሰው በር እየዞሩ ማንኳኳት ነበር። አብዛኛው በር አይከፈትም። ከቤት ጋር በስልክ መነጋገር የሚፈቀደውም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በገናና በእናቶች ቀን ነበር፤ ከፈረንጆቹ 2019 ወዲህ ግን በየሳምንቱ ሆኗል። ለዚህ ሁሉ ደመወዝ የለም። ልጁ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያጠራቅም የኖረውን ገንዘብ ይዞ ይሄዳል፣ የጎደለውን ወላጆቹ ይሞሉለታል።

ስለ እምነታቸው ከማንም ጋር ልከራከር አልመጣሁም፤ ለዚያ ሊቃውንቱ አሉ። እኔ ያሰብኩት ልጁን ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ፣ በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ሰው በር ላይ ቆሞ። ይህን ልጅ እኛም እናውቀዋለን። የእኛው ሸሚዝ የለውም፤ ደበሎ ነው የለበሰው። አንዳንዱ አሥራ ስምንት ቀርቶ አሥራ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

እንግዲህ ከዱሮዎቹ አንዱን ልጅ እንከተለው። ከቡልጋ ተነሣ እንበል። ዳዊቱን ደግሟል፣ ድቁናውን ተቀብሏል፣ የመንደሩ ቄስ የሚያውቁትን ሁሉ አስተምረው ጨርሰዋል። አባቱ ለእርሻ ይፈልገዋል፣ እናቱ ዓይኗ ሥር እንዲያድግላት ትፈልጋለች፣ እሱ ግን ከመንገደኛ አፍ የሰማው አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶታል፤ ቅኔ የሚቀዳው ከጎጃም ነው ብለውታል። ከዚያ አንድ ሌሊት ቆሎውን በአቁማዳ ቋጠረ፣ ዱላውን ያዘ፣ ውሻው እንዳይጮህበት ራሱን ደባብሶ ተወውና ወጣ። ጠፋ ይሉታል በመንደሩ፤ እናቱም ለሰባት ቀን አለቀሰች፣ ከዚያ በኋላ ግን ለጎረቤት ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረበት።

ልጁም ሄደ፣ ሄደ፣ ደብረ ሊባኖስ ደርሶ ከደጁ ተሳለመ፣ ከዚያም ሰላሌን አቋርጦ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ምድር ከፊቱ ተከፈለች። የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ የወረደ ሰው አላየውም ብል ይቅር በሉኝ። በእግሩ የወረደ ነው የሚያውቀው። ከላይ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ገደሉ ላይ ጭላዳው ሣር ይነጫል፤ እየወረዱ ሲሄዱ ደበሎው ይከብዳል፣ አየሩ ይወፍራል፣ ከታች ሲደርሱ ወበቁ ትንፋሽ ያሳጣል። እዚያም ዓባይ አለ፣ ቀይ አፈር ተሸክሞ። ዛሬ ድልድይ አለ። ድልድይ ባልነበረ ጊዜ ግን በክረምት ዓባይ ከሞላ የዚህ ማዶ ሰው እዚህ፣ የዚያ ማዶ ሰው እዚያ ነው፤ ደብዳቤም የለም፣ መልእክተኛም የለም። እናት ብትሞት ልጅ የሚሰማው ውኃው ከጎደለ በኋላ፣ ከኅዳር ወዲያ ነው። ስለዚህ ልጃችን በበጋ መጣ፣ ዋናተኞቹ አየር በተሞላ ስልቻ ላይ አስተኙት፣ አዞውን እየጮኹ እያባረሩ አሻገሩት። ሲሻገር ዓይኑን ጨፍኖ ዳዊት ይደግም ነበር፤ እኔም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው።

ከዚያ አቀበቱን ወጣ፣ ደጀን ደረሰ፣ የደጋው ንፋስም ፊቱን መታው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ በስተሰሜን ጮቄ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ቆሟል። በብቸና አድርጎ ዲማ ጊዮርጊስ ሲደርስ ምሽት ነበር፣ ከሩቅም ብዙ ድምፅ ባንድነት ሲያጉተመትም ሰማ፤ ተማሪው ቀጸላ ላይ ነበር። በዚህ ደጋ ላይ የሚታወቁት ጉባኤ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ዲማ፣ ደብረ ወርቅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ። ልጁ ወደ የኔታ ቀረበ፣ ጉልበታቸውን ስሞ ቆመ። «ከየት መጣህ?» አሉት። «ከቡልጋ፣ የኔታ።» «እግርህ ደኅና ነው?» አሉት። ሌላ ምንም አልጠየቁትም፤ የምዝገባ ገንዘብ አልጠየቁትም፣ የአባቱንም ርስት አልጠየቁትም። ከዚያ ተማሪዎቹ ከሣር ጎጆአቸው በአንዱ ጥግ ሰጡት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም ስሙ ቀረና «ቡልጌው» ተባለ። ወዲያ ወሎዬው ተኝቷል፣ ወዲህ ጎንደሬው፤ ታናሽ ስለሆነም ውኃ መቅዳትና ጭራሮ መልቀም የሱ ሆነ።

አሁን ውሎውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የዚህ ነገር ጣዕሙ ያለው ውሎው ውስጥ ነው። ማታ የኔታ ቅኔ ይዘርፋሉ። መጽሐፍ የለም፣ ሰሌዳ የለም፤ ከየኔታዎች መካከል ዓይናቸው የማያይም ብዙ ነበሩ፣ ቅኔያቸው ግን አንዲት ፊደል አትስትም። ተማሪው በጨለማ ይቀበላል፣ ይደግማል፣ በሕልሙም ያጉተመትማል። ሲነጋ እያንዳንዱ ለብቻው ወደ ዱር ይሄዳል፣ ዛፍ ሥር ወይም መቃብር አጠገብ ይቀመጣል፣ ደበሎውን እራሱ ላይ ይከናነብና ቅኔ ይቆጥራል። በዚያን ሰዓት የሚያየው ሰው አብዷል ይለዋል፤ ብቻውን ያወራል፣ ጣቱን ይቆጥራል፣ ድንገት ይስቃል። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ፤ ሁለት ቤት ግን ሰሙንም ወርቁንም ሲችል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ከዚያ ሚ በዝኁ፣ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት እስከሚፈጀው መወድስ ድረስ ይወጣል። የቆጠረውን ይዞ ወደ የኔታ ይመጣና ይነግራል፣ እሳቸውም ያቀኑለታል፣ ወይም ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ከዱላ ይብሳል። የሌላ ሰው ቅኔ ሰርቆ የመጣ ደግሞ ወዮለት፤ ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ነው፣ ትናንት የተባለው ዛሬ አይባልም።

ይህ ሁሉ ግን በባዶ ሆድ ነው። ከሰዓት በኋላ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ዱላውን ይዞ ቀፈፋ ይወጣል፣ ሁለት ሦስት እየሆነ ወደየመንደሩ ይበተናል። አጥሩ ጋ ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም!» ይላል። መጀመሪያ የሚመልስለት ውሻው ነው። የቆሎ ተማሪ ቁርጭምጭሚት ላይ የውሻ ጥርስ ጠባሳ ከሌለ ተማሪነቱን እጠራጠራለሁ። ከዚያ ሴትዮዋ ትወጣለች። እጇ ሊጥ ነክቷል፣ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች። «ውሻውን ያዙ! ተማሪ ነው» ትላለች ለልጆቹ፤ ገብታም ቁራሽ ታመጣለች፣ እሱም በሁለት እጁ ይቀበላል። «የማን አገር ልጅ ነህ?» ትለዋለች። «ሩቅ ነው፣ እናቴ።» «እናትህ አለች?» «አለች።» እሷም ትንሽ ዝም ትልና ተመልሳ ሁለተኛ ቁራሽ ትጨምርለታለች። ያቺ ሁለተኛ ቁራሽ ለሱ ብቻ እንዳልሆነች እናንተም ታውቃላችሁ፤ ልጆቿ ርቀው የሄዱባት እናት ሁሉ እንዲህ ትሰጣለች።

ማታ ጎጆ ውስጥ ሁሉም ያመጣውን ያፈስሳል። የጤፍ አለ፣ የዳጉሳ አለ፣ የገብስ አለ፣ ሻጋታም አለበት፤ ተቀላቅሎ በእኩል ይካፈላል፣ የተረፈው ፀሐይ ላይ ይሰጣና ድርቆሽ ይሆናል። በጥቅምትና በኅዳር ደኅና ነው። ነሐሴ ግን ከባድ ነው። ጎተራው ይራቆታል፣ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ ደበሎውን ዝናብ ያርሰዋል፣ ከላይ የሚደርበው ገሣ ቢያገኝ እንኳ እግሩ ከብርድ አያመልጥም። ሴትዮዋም የራሷን ልጆች በጎመን እያሳደረች ነው። የዚያን ጊዜ «እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን የገብስ ቆሎ በእፍኟ ይዛ ወጣች። እግዚአብሔር ይመስክር፣ የዚህ አገር ትልቁ ኮሌጅ የቆመው በዚያች እፍኝ ነው። መዝገብ ላይ የመምህሩ ስም አለ፣ ደብሩን የተከለው ንጉሥ ስም አለ፤ የሷን ስም የጻፈ ግን የለም።

ጎጃም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰባኪም ታውቃለች። ጴድሮ ፓኤዝ የሚባል የስፔን ተወላጅ ኢየሱሳዊ ነበር፤ ወደ አገራችን ሲመጣ ዐረቦች ይዘውት በየመን ሰባት ዓመት ያህል ታስሯል፣ ተፈቶም አልተወም፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1603 ገባ። አማርኛም ግእዝም ተማረ፤ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ግሽ ዓባይን በዓይኑ አየ። ጎበዝና ታታሪ ሰው እንደነበረ መካድ አይቻልም። የበላው ግን ከንጉሥ ማዕድ ነበር፣ ርስቱንም የሰጠው ንጉሥ ነው። ስለዚህ እሱ በ1622 ከሞተ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ሱስንዮስ በተቀበለው የካቶሊክ እምነት ምክንያት ብዙ ደም ፈስሶ፣ የቀድሞውን ሃይማኖት ለሕዝቡ ሲመልስና ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ሲለቅ፣ ኢየሱሳውያኑ የሚያስጠጋቸው አጥር አልነበረም፤ ተባረሩ። የቆሎ ተማሪው ያን ጊዜም ነበር፣ ንጉሥ ሲለወጥም አልተባረረም። እንጀራው ከንጉሥ አልነበረምና።

የዚያ ቁራሽ ፍሬ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። አንዱን ልንገራችሁ። ከደብረ ማርቆስ ብዙ ሳይርቅ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1902 አንድ የቄስ ልጅ ተወለደ፤ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅ፣ በዲማ ጊዮርጊስም ተማረ። ከዚያ አዲስ አበባ ወርዶ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የፈረንጁን ትምህርት ጨመረ፤ አያችሁ፣ ከባሕር ማዶ የመጡት ሰባኪዎችም ድርሻ አላቸው፣ አንነፍጋቸውም። ጠላት ሲመጣ ከራስ እምሩ ጋር ዘመተ፣ ተማርኮ ኢጣሊያ ታሰረ፣ ተመልሶም አገሩን በዲፕሎማትነት አገለገለ፤ በ1958ም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተመ። ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። የመጽሐፉ ባለታሪክ በዛብህ ደበሎ ለብሶ ሲዞር፣ ያ ብርድና ያ የውሻ ጩኸት ከመጽሐፍ የተቀዳ እንዳልሆነ የዲማን ተማሪ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳል። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም የደብረ ኤልያስ አገር ልጅ ነበሩ።

ወደ ልጃችን እንመለስና፣ ቡልጌው ዓመታት ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ታሞ ተስፋ ተቆርጦበት ነበር፣ ወሎዬው አጥሚት እየለመነ አዳነው። አንድ ጊዜም መተተኛ ነው ተብሎ ከአንድ መንደር ተባረረ፤ ሰው ተማሪን ያከብረዋል፣ ይፈራዋልም፣ ከብት ሲሞት ደግሞ ያሳብብበታል። በመጨረሻ በበዓል ቀን፣ በማኅሌቱ መካከል፣ የኔታ በዓይናቸው ጠቀሱት፣ እሱም ወጣና መወድሱን ቆሞ ተቀኘ። ሊቃውንቱ «ይበል!» አሉ። በዚያን ሰዓት ከበስተኋላ፣ በሴቶች መቆሚያ፣ ቁራሽ ስትሰጠው የኖረችው እናት ቆማ ነበር። ግእዝ አታውቅም፤ ሰሙንም ወርቁንም አልለየችም። ግን «ይሄ የኔ ተማሪ ነው» ብላ ለጎረቤቷ አንሾካሾከች። እኔ ካየሁት ዲፕሎማ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ዛሬም ተማሪው አለ። ዲማም ደብረ ኤልያስም ጉባኤው አልታጠፈም። ነገር ግን ከተማው የብረት በር ሠርቷል፣ እህሉ ተወዷል፣ በአካባቢው ጦርነት ከገባ ወዲህም መንገዱ እየተዘጋ ገበሬው ለራሱም ጨንቆታል። ከሶልት ሌክ ለወጣው ልጅ ወላጆቹ ይልኩለታል፤ ለዚህ የሚልክለት የለም፣ ያለው የእናንተ በር ብቻ ነው። ስለዚህ ደጃችሁ ቆሞ በማርያም ስም ሲጣራ ብትሰሙ፣ ሥራ አይሠራም ወይ ብላችሁ አትመርምሩት። ሠርቶ ነው የመጣው፣ ከንጋት ጀምሮ ዛፍ ሥር ሲሠራ ነው የዋለው። ውሻውን ያዙለት፣ ቁራሹንም ከትናንቱ ሳይሆን ከዛሬው ስጡት።