የበሩ ሥዕልና የሕጉ ስም

በብሪታንያ በብዙ ቤቶች ውስጥ የቤቱን አንድም በር የማይከፍት ቁልፍ አለ። ከመኪናና ከቤት ቁልፎች ጋር በአንድ ቀለበት ይንጠለጠላል፤ ከሌሎቹ ተለቅ ስለሚል ኪስ ውስጥ በዳበሳ ይለያል። የሚከፍተው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ነው፤ ያውም አንዱን ብቻ ሳይሆን በአገሩ ሁሉ የተበተኑ ከ9,000 በላይ ክፍሎችን። ባቡር ጣቢያም ይሁን ባሕር ዳርቻ፣ የገበያ አዳራሽም ይሁን መናፈሻ፣ ዕቅዱ ውስጥ የገባውን የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ ሁሉ ያው አንድ ቁልፍ ይከፍተዋል። ሰዉ «የራዳር ቁልፍ» ይለዋል። ራዳር እ.ኤ.አ. በ1981 ዕቅዱን የዘረጋው የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ስም ምህጻር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቁልፉን ከኪሳቸው ከሚያወጡት መካከል በእግራቸው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ወጣት፣ ቀጥ ብሎ የሚራመድ፣ ፊቱ ላይ አንዳች የሕመም ምልክት የማይታይበት ሰው ቁልፉን አዙሮ ይገባል። ሲወጣ በሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ከእግር እስከ ራሱ ይቃኘዋል። አንዳንዴ ዓይኑ ብቻ አይበቃም፤ አፍም ይከተላል፦ «ይኼ እኮ ለአካል ጉዳተኞች ነው!» የበሩ ሥዕል ዊልቸር ነው፤ የወጣው ሰው ግን ዊልቸር የለውም። ጠያቂው የተሳሳተው ሥዕሉን አምኖ ነው። ይህ እምነት ከየት እንደመጣ ለመረዳት ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ ሥዕሉንና ሕጉን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል።

በ1851 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ በተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን ላይ የቧንቧ ሠራተኛው ጆርጅ ጄኒንግስ በውሃ የሚለቀቁ መጸዳጃዎችን ለሕዝብ ከፈተ። 827,280 ጎብኚዎች አንድ አንድ ፔኒ እየከፈሉ ተጠቀሙ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የብሪታንያ ከተሞች የሕዝብ መጸዳጃ መሥራት ጀመሩ፤ ብዙዎቹን ግን የሠሩት ከመንገድ በታች፣ ደረጃ ወርደው የሚገቡባቸው አድርገው ነው። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ከቤቱ ሲወጣ የት ድረስ መሄድ እንደሚችል የሚወስነው ፊኛው ሆነ። ይህ ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ማንንም አላስጨነቀም ማለት ይቻላል።

ይህን የለወጡት በየፊናቸው የሠሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው አርክቴክቱ ሰልዊን ጎልድስሚዝ ናቸው። በ1956፣ ትምህርታቸውን በጨረሱበት ሰሞን፣ ፖሊዮ ያዛቸው። በ1963 ለአካል ጉዳተኞች ስለሚመቹ ሕንፃዎች የጻፉት መጽሐፍ የሙያው መመሪያ ሆነ። ከዚያም ኖሪች ወደምትባል ከተማ ሄደው 284 የዊልቸር ተጠቃሚዎችን አነጋገሩ። መንገድ ሲሻገሩ ምን ያግዳቸዋል? መጸዳጃ ቤት ማን ያግዛቸዋል? መልሱን በቀላሉ መገመት ይቻል ነበር፤ ግን ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀም። ባልን የምታግዘው ሚስት፣ ሚስትን የሚያግዘው ባል ነው፤ በሩ ላይ «ወንዶች»፣ «ሴቶች» ተብሎ ከተከፈለ ግን ሁለቱ አብረው አይገቡም። ዛሬ የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ ጾታ ሳይለይ ራሱን ችሎ የሚሠራው፣ የእጅ መታጠቢያውም ከውስጥ የሆነው፣ እንዲህ ካለው ችግር በመነሳት ነው።

ሁለተኛው የማንቸስተሩ የፓርላማ አባል አልፍ ሞሪስ ናቸው። አባታቸው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱት አካላቸው ጎድሎና ሳንባቸው በመርዝ ጋዝ ተጎድቶ ነበር። የጎደለውን አካል ጎረቤት ሁሉ ያያል፤ ሳንባው ግን አይታይም። ልጅየው ሁለቱንም ቤት ውስጥ እያየ አደገ። ሞሪስ በ1970 ያጸደቁት ሕግ የሕዝብ መጸዳጃ የሚያዘጋጁ ሁሉ ለአካል ጉዳተኞችም እንዲያስቡ አዘዘ፤ «በተቻለና ምክንያታዊ በሆነ መጠን» የምትል ብዙዎች ያመለጡባት ሽንቁር ግን ነበረችበት። ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት የሕጉ ስም ነው፦ «ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎችና የአካል ጉዳተኞች ሕግ»። ሕመምተኛው ቀድሞ ተጠርቷል። እንግዲህ ይህን በር ከሁሉ በፊት እንዲከፈት ያዘዘው ሕግ የማይታየውን ሕመም በግንባሩ ላይ ጽፎት ነበር።

ሥዕሉ ግን በሌላ መንገድ መጣ። በ1968 ሱዛነ ኬፉድ የተባለች ዴንማርካዊት ተማሪ ስዊድን ውስጥ በተደረገ የስካንዲኔቪያ ዲዛይን ተማሪዎች ስብሰባ ላይ ባዶ ዊልቸር ሣለች። የስዊድኑ ካርል ሞንታን ደግሞ ሰው እንዲመስል ከላይ ክብ ራስ ጨመሩበት፤ በ1969 ዓለም አቀፍ ምልክት ሆኖ ጸደቀ። ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ መስመር፤ ከሩቅ ይታያል፣ ቋንቋ አያስፈልገውም። ለዊልቸር ተጠቃሚዎች ትልቅ ድል ነበር፤ ይህን ማሳነስ ነውር ነው። ነገር ግን አንድ ሥዕል ሕጉ የጠራቸውን ሰዎች ሁሉ ሊወክል አይችልም። ሕጉ መዝገብ ቤት ተቀመጠ፤ በር ላይ የተሰቀለው ሥዕሉ ነው። ሕዝብ የተማረው ከበሩ ነው።

ቁልፉ የመጣው እነዚያ ክፍሎች ከተሠሩ በኋላ ነው። ሰፊና ሰዋራ በመሆናቸው ዕቃ የሚሰብርና ለሌላ ነገር የሚጠቀምባቸው ሰው በዛ፤ ማዘጋጃ ቤቶችም ይቆልፏቸው ጀመር። ታዲያ ከከተማ ከተማ የቁልፉ ዓይነት ይለያይ ስለነበር ተጓዡ ቁልፉን የያዘውን ሠራተኛ ፍለጋ ይንከራተታል። በ1981፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች ዓመት ብሎ በሰየመው ዓመት፣ ራዳር አንድ ዓይነት ቁልፍ እንዲሆን አደረገ። ቁልፉ ዛሬ በጥቂት ፓውንድ ይገዛል። ነፃነት ሰጥቷል፤ በዚያው መጠን ግን በሩን የጥበቃ ጉዳይ አድርጎታል፤ ጥበቃ ባለበት ደግሞ ሳይሾም ዘበኛ የሚሆን አይጠፋም።

እነዚህ ሁሉ ሲሆኑ በሌላ ጎን ሕክምናው እየተለወጠ ነበር። አንጀቱ በክሮንስ በሽታ፣ በካንሰር ወይም በቁስል የተጎዳ ሰው ቀዶ ሐኪሙ የአንጀቱን ጫፍ በሆዱ ቆዳ ላይ አውጥቶ ይተክልለታል። ቀዳዳው ስቶማ ይባላል። ከዚያ ወዲያ የሚወጣው ሁሉ የሚወርደው ሆድ ላይ ወደተለጠፈ ከረጢት ነው፤ ጠብቅ ቢሉት የሚጠብቅ ጡንቻ የለውም። ድሮ ይህ ቀዶ ሕክምና ነፍስ አድኖ ኑሮን ይቀማ ነበር። በቀበቶ የሚታሰር የጎማ ከረጢት ያፈስሳል፣ ይሸታል፣ ቆዳ ይልጣል። በ1952 የበርሚንግሃሙ ቀዶ ሐኪም ብራያን ብሩክ የአንጀቱን ጫፍ እንደ ሸሚዝ እጅጌ ወደ ውጭ አጥፈው መስፋትን አሳዩ፤ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳ ላይ መንጣለሉ ቀነሰ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኤሊሰ ሶረንሰን የተባሉ ዴንማርካዊት ነርስ በእህታቸው ምክንያት ሌላ መላ ዘየዱ። እህታቸው ቶራ ስቶማ ከተሠራላቸው በኋላ ይፈስስብኛል በሚል ፍርሃት ሰው መሐል መውጣት ትተው ነበር። ነርሷ ዙሪያው በማጣበቂያ የተቀባ፣ ከቆዳ ጋር የሚለጠፍ፣ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ከረጢት አሰቡ። ሐሳቡን ይዘው የሄዱበት የፕላስቲክ አምራች ኦገ ሉዊስ ሃንሰን መጀመሪያ አልተቀበሏቸውም፤ ነርስ የነበሩት ባለቤታቸው ዮሐነ ናቸው ያግባቧቸው። በ1957 ኮሎፕላስት የተባለው ኩባንያ ከዚህ ተወለደ። በ1972 ደግሞ የሚሺጋኑ ሐኪም ጃክ ላፒደስ ፊኛው የማይታዘዝለት ሕመምተኛ ራሱ በንጹሕ ቀጭን ቱቦ በቀን የተወሰነ ጊዜ ሽንቱን ማውጣት እንደሚችል አሳተሙ። ለዚህም ውሃ፣ ብርሃን፣ ዕቃ ማስቀመጫና ከማንም ዓይን የተከለለ ቦታ ያስፈልጋል።

የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። ከረጢቱ ይበልጥ ቀጭንና ሽታ የማያወጣ በሆነ ቁጥር ሰውየው ከጤነኛ አይለይም። እህት ለእህቷ የሠራችው ይህንኑ ነው፤ ቶራ በሰው መሐል ማንም ሳያውቅባቸው እንዲሄዱ። ያ ሲሳካ ግን በሩ ላይ የቆመው ሰው «ምንም ያልሆነ ሰው» አየ።

በአማርኛ የችግሩ ሥር ቃሉም ላይ ነው። «አካል ጉዳተኛ» ሲባል ጆሮ የሚሰማው እጅ፣ እግር፣ ዓይን ነው። በ2009 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በሕዝብ ሕንፃዎች ውስጥ ከመጸዳጃዎቹ በቂ ቁጥር ያላቸው ለአካል ጉዳተኞች አመቺ ሆነው እንዲሠሩ አዘዘ፤ አንባቢው የሚያስበው ግን መወጣጫና ሰፊ በር ነው። ሬጂናልድና ካተሪን ሃምሊን አዲስ አበባ ባቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። አብዛኞቹ ድነው አገራቸው ገብተዋል፤ ጉዳታቸው ጨርሶ የማይጠገን ጥቂቶች ግን ሆዳቸው ላይ ከረጢት ለጥፈው ይኖራሉ። እንዲህ ያለች ሴት ነጠላዋን አጣፍታ መንገድ ላይ ብትሄድ ማንም አያውቅባትም። አውቶብስ መናኸሪያ ስትደርስ የምትፈልገው መቆለፊያ ያለው በርና ውሃ ነው። ይሉኝታ ይዟት አትጠይቅም፤ ብትጠይቅም ምን ብላ?

አሜሪካ ውስጥ አንዲት ልጅ ጠይቃለች። ክሮንስ ያለባት የ14 ዓመቷ አሊ ቤይን ኢሊኖይ ውስጥ አንድ ሱቅ ሳለች ሆዷ አጣደፋት፤ የሠራተኞቹን መጸዳጃ እንድትጠቀም ብትለምን ተከለከለች። ከእናቷ ጋር ሆና እንደራሴዎችን አሳመነች፤ በ2005 በስሟ «የአሊ ሕግ» የሚባለው ደንብ ወጣ። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ደንበኛ ሲያጣድፈው ሱቁ የሠራተኞቹን መጸዳጃ እንዲፈቅድ ያስገድዳል። ሌሎች በርካታ ግዛቶችም ተከተሉ። በአንዳንዶቹ ግዛቶች ሕጉ ማስረጃ ይጠይቃል፤ የሐኪም ወረቀት ወይም መታወቂያ። የተከለከለችው ልጅ ያን ቀን ወረቀት ለማሳየት ጊዜ ነበራት ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

በብሪታንያም በ2005 የተሻሻለው ሕግ ካንሰር፣ ኤችአይቪና መልቲፕል ስክለሮሲስ ያለበትን ሰው ሕመሙ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ብሎ ቆጠረ። በሩ ግን ዝም እንዳለ ነበር። በ2016 ነው አስዳ የተባለው ትልቅ የሱፐርማርኬት ድርጅት ጉዳት ሁሉ በዓይን እንደማይታይ የሚናገር ጽሑፍ ከዊልቸሩ ሥዕል ጋር መለጠፍ የጀመረው፤ የክሮንስ ሕሙማን ማኅበር ጉትጎታ ሌሎችንም አስከተለ። ሕጉ ከወጣ 46 ዓመት ሆኖት ነበር! በዚያው ዓመት ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ የማይታይ ጉዳት ላለባቸው ተጓዦች የሱፍ አበባ የታተመበት አረንጓዴ የአንገት ማንጠልጠያ ማደል ጀመረ። ብዙዎችን ረድቷል። ሆኖም ሰው የገዛ ሆዱን ምሥጢር አንገቱ ላይ ካላሰረ አልታመንም የሚያሰኝ እንዳይሆን መጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ ማንጠልጠያው በፈቃድ የሚደረግ ነው፣ የሌለው ሰውም መብቱ ያው ነው።

የዊልቸር ተጠቃሚው ቅሬታም ባዶ አይደለም። ሌላው ሰው በጭንቅ ጊዜ ሌላ በር መሞከር ይችል ይሆናል፤ እርሱ የሚገባበት በር አንድ ነው። ልብስ ለመቀየር ወይም ስልክ ለማውራት የገባ ጤነኛ ሰው እርሱን ውጭ ያቆመዋል። ጽዳት ሲደረግ ተጠቅልሎ የታሰረው ቀይ የአደጋ ገመድም ለወደቀ ሰው አይደርስለትም፤ እስከ ወለሉ የሚወርደው መሬት ላይ ሆነው እንዲስቡት ነው። ጃፓን ይህን የክፍል ሽሚያ በሰፊው አይታዋለች። እዚያ ትልልቆቹ ክፍሎች ለዊልቸር፣ ለሕፃን፣ ለስቶማም ጭምር ተሠርተው «የማንም ሰው መጸዳጃ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ማንም ገባ፣ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ግን ውጭ ቀሩ። በ2021 መንግሥት ያ ስም እንዲቀርና መሣሪያዎቹ ወደ ተራ ክፍሎችም እንዲከፋፈሉ መከረ።

የብሪታንያ የስቶማ ሕሙማን ማኅበርም የሚጠይቀው ከዚህ የራቀ አይደለም። ከረጢት የሚቀይር ሰው ሸሚዙንና ቦርሳውን የሚሰቅልበት መንጠቆ፣ ንጹሑን ከረጢት የሚያስቀምጥበት ጠባብ መደርደሪያ፣ ሆዱን የሚያይበት መስታወት፣ ያገለገለውን የሚጥልበት ክዳን ያለው ቅርጫት። የቆሻሻ ቅርጫቱ በሴቶች ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አለ፤ በወንዶቹ ግን በአብዛኛው የለም፤ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት የሚያመልጠው ሰው ያገለገለ ንጣፉን ጠቅልሎ፣ ኮት ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ እስከ ቤቱ ይዞት ይሄዳል።