ከቅኔ ጉባኤ እስከ ዩኒቨርሲቲ፦ የጽሕፈት ትምህርት በጎንደር

በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች ስለ ጽሕፈት ትምህርት ሲነሣ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በእንግሊዝኛ ሰዋስው ጉድለት ላይ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን አስተካክሎ የሚናገረው ሐሳብ ካጣ፣ ሐሳብ ኖሮትም በማስረጃ መደገፍ ካልቻለ፣ የሰዋስው ልምምዱ ብቻውን ጸሐፊ አያደርገውም። ቋንቋ፣ ሒሳዊ አስተሳሰብና የኅብረተሰብ ጉዳይ በአንድ ማዕድ ሊቀርቡ እንደሚችሉ ለመረዳት የጎንደርን የትምህርት ታሪክ መመርመር ይጠቅማል።

የቅኔና የትርጓሜ ቤት

ጎንደር በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲል ዘመን መናገሻ ከሆነች ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዋና ማእከል ሆና ኖራለች። በቅኔ ቤት ጀማሪው በቆጠራ ስልቱንና ልኩን ይለምዳል፤ ከዚያም ግስና አገባብ እያጠና ከሁለቱ ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ ስምንቱ ቤት መወድስ ይዘልቃል። የተቀኘውን ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ሰዋስዉን፣ ልኩንና ምስጢሩን አንድ ላይ ያርማል። ሰዋስዉ ቢቃና ምስጢር የሌለው ቅኔ አይመሰገንም። የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ማቅረብም ነውር ነው።

የቅኔው ጉዳይ ከመጽሐፍ ብቻ የሚቀዳ አልነበረም። አኩፋዳውን አንግቶ ከመንደር መንደር ቁራሽ የሚለምን ተማሪ የገበሬውን ጥጋብና ረኃብ፣ የዳኛውን ፍርድ፣ የባለጸጋውን ቸርነትና ንፍገት በዓይኑ ያያል። በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ሹምን መንቀፍም በቅኔ የተለመደ ነበር።

በትርጓሜ ቤት ደግሞ፣ ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ተያይዞ የሚነሣው የጎንደር ታች ቤት ትርጓሜ የታወቀ ነው። መምህሩ ንባቡን አሰምቶ ከተረጎመ በኋላ «አንድም» እያለ ሌላውን አተረጓጎም ያስከትላል፤ ለእያንዳንዱም ምክንያትና ታሪክ ያቀርባል። ደቀ መዝሙሩ ለአንድ ቃል ከአንድ በላይ ፍቺ መስጠትንና ፍቺዎቹን ማመዛዘንን በዚህ ይለማመዳል።

ይህ ትምህርት ጉድለት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በአብዛኛው በቃል የሚካሄድና በግእዝ የታጠረ ነበር፤ ሴቶችም ከጥቂቶች በቀር አልተካፈሉበትም። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ የንግግር ድብቅነት ዘመናዊ ሥራ ከሚፈልገው ግልጽነት ጋር እንደሚጋጭ አስገንዝቧል። ትችቱ ሊናቅ አይገባም። ቢሆንም ወርቁን የሚሰውረው ሰው አስቀድሞ ወርቁን ለይቶ ማወቅ አለበት፤ የአንድምታ መምህርም ሥራው መሰወር ሳይሆን መግለጥ ነው።

የሕዝብ ጤና ኮሌጅ

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ወደ ጎንደር የገባው በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በደምቢያ የተነሣው ብዙ ሕይወት ያጠፋ የወባ ወረርሽኝ ለኮሌጁ መቋቋም አንዱ ምክንያት ነበር። ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎች በቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ይሠለጥኑ ነበር።

የዚህ ሥልጠና ጠባይ ለጽሕፈት መምህር ትልቅ ትምህርት አለው። ስለ አንድ መንደር የውሃ ምንጭ ዘገባ የሚያዘጋጅ ሠልጣኝ ያየውን ከሰማው መለየት፣ መንሥኤውን ከውጤቱ ማገናኘት፣ በመጨረሻም ለሥራ የሚበቃ ሐሳብ ማቅረብ አለበት። ቋንቋው የውጭ ቢሆንም ጉዳዩ የራሱ አገር ጉዳይ ነው፤ አንባቢውም የዘገባውን ፍሬ የሚጠባበቅ ሰው ነው።

ሦስቱ ትምህርቶች

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መማሪያ ቋንቋ አድርጎ አጸና። ኮሌጁ አድጎ በ1996 ዓ.ም. የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ከሰሜን ጎንደር ደጋ የሚመጣው የገበሬ ልጅም በአማርኛ ያሰበውን በእንግሊዝኛ የመጻፍ ግዴታ ይጠብቀው ነበር። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች እንደገና ሲጀመር የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክሂል፣ ሎጂክና ሒሳዊ አስተሳሰብ፣ እንዲሁም እንደ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ያሉ ትምህርቶች ተካተቱ። እርምጃው የሚደገፍ ነው። ነገር ግን ሦስቱ በሦስት መምህራን፣ በሦስት መጻሕፍትና በሦስት ፈተናዎች ተከፋፍለው ሲቀሩ፣ የቅኔው መምህር በአንድ እርማት ያገናኘው ነገር ይበተናል። ተማሪውም በአንዱ ክፍል የክርክር ስሕተትን ስም ሸምድዶ በሌላው ክፍል ያንኑ ስሕተት በድርሰቱ ይሠራል።

መፍትሔው ሌላ ኮርስ መጨመር አይደለም። የቋንቋው መምህር ከሎጂኩና ከአንትሮፖሎጂው መምህራን ጋር ተመካክሮ አንድ የድርሰት ሥራ ሊሰጥ ይችላል፤ ለምሳሌ በደጋው ስለሚታየው የአፈር መሸርሸር ወይም ልጆች ትምህርት ስለሚያቋርጡበት ምክንያት። ተማሪው በመጀመሪያ በሚቀናው ቋንቋ ይከራከር፤ «አንድም» ብሎ ተቃራኒውን ሐሳብ ያቅርብ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። እርማቱም ቋንቋውን፣ ማስረጃውንና ጉዳዩን አጣምሮ ይመልከት። ለዚህ ግን የክፍሉ ተማሪ ብዛትና የመምህሩ የእርማት ጊዜ በዕቅድ ሊታሰብበት ይገባል። በቅኔ ቤት ተማሪውን ለፍሬ ያበቃው የመምህሩ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን፣ የእያንዳንዱን ደቀ መዝሙር ቅኔ ቁጭ ብሎ የሚሰማበት ጊዜም ነውና።