የጎልፍ ኳስ ታሪክና የወሰን ጥያቄ

ስለ ጎልፍ ኳስ በመሐንዲሶች ዓመታዊ መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ ባልደረቦቻችን እንግዳ ነገር ሊመስላቸው ይችላል። ጨዋታው በአገራችን ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ሲሆን፣ ስለ እርሱ የሚጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ ማን አሸነፈ፣ ዱላው እንዴት ይያዛል፣ የሚቀጥለው ውድድር መቼ ይደረጋል ከሚለው አያልፍም። ይሁን እንጂ በመዳፍ ውስጥ የሚሰወረው ይህ ትንሽ ኳስ የቁሳቁስን፣ የአየር እንቅስቃሴ ጥናትንና የደረጃ አወጣጥን ታሪክ በአንድነት ይዞ ይገኛል። ከዚህም ሌላ ሙያችንን በቀጥታ የሚነካ ጥያቄ ያነሣል። አንድን መሣሪያ ያለማቋረጥ ማሻሻል ሲቻል፣ እዚህ ላይ ይብቃ ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ውሳኔው ሲዘገይስ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዱላና ኳስ ይዞ መስክ መውረድ ለእኛም ባዕድ አይደለም። የገና ጨዋታ ሩር በቆልማማ ዱላ እየተመታ የሚሄድ ነውና። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በገና ጨዋታ ሩሩን የሚቀማ ባላጋራ ፊት ለፊት ይቆማል፤ በጎልፍ ግን ኳሱን የሚነካ ሌላ ሰው የለም። የተጫዋቹ ተቃዋሚዎች ርቀት፣ ነፋስና የመሬቱ አቀማመጥ ናቸው። ስለዚህ ኳሱ ከምን እንደ ተሠራና አየሩን እንዴት እንደሚሰነጥቅ የጨዋታው ዋና ጉዳይ ሆነ።

ጨዋታው ዛሬ ባለው መልክ የዳበረው በስኮትላንድ የባሕር ጠረፍ በሚገኙ አሸዋማ የሣር መስኮች ላይ ሲሆን፣ ከነዚህም ስመ ጥር የሆነው የሴንት አንድሩስ አሮጌው ሜዳ ነው። አንድ ዙር አሥራ ስምንት ጉድጓድ እንዲሆን መሠረት የሆነውም በ1764 በዚሁ ስፍራ የተደረገው ለውጥ ነበር። በዚያ ዘመን የሚመታው ኳስ የላባ ኳስ ነው። አሠራሩን ላስተዋለ መሐንዲስ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ከቆዳ የተሰፋ ትንሽ ከረጢት እርጥብ እንዳለ፣ በሙቅ ውሃ የራሰ የዝይ ላባ በጠባብ ቀዳዳ በኩል በብረት ዘንግ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። አንድ ቆብ ሙሉ ላባ በአንድ ኳስ ውስጥ ይገባ ነበር ይባላል። ከዚያም ይደርቃል። ሲደርቅ ላባው ወደ ውጭ ይነፋል፣ ቆዳው ወደ ውስጥ ይሸበሸባል፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ሲገፋፉ ኳሱ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ብረቱ አስቀድሞ ተወጥሮ የሚሠራውን አርማታ የሚያውቁ ባልደረቦቻችን ነገሩን በቀላሉ ይረዱታል። ውስጣዊ ውጥረትን በፈቃድ ፈጥሮ ለጥንካሬ ማዋል የሃያኛው ክፍለ ዘመን ብቻ ጥበብ እንዳልሆነ የስኮትላንድ ቆዳ ሰፊዎች ይመሰክራሉ።

ነገር ግን ሥራው አድካሚ ነበር። አንድ ባለሙያ በቀን ሦስት ወይም አራት ኳስ ቢሠራ ነው፤ የላባው ብናኝም ሳንባ ይጎዳል። ኳሱ ውሃ ሲነካው ይከብዳል፣ ስፌቱ ይፈታል፣ ዋጋውም የድኻ አይደለም። በሴንት አንድሩስ የዚህ ሙያ አውራ የነበረው አለን ሮበርትሰን ሲሆን፣ ከርሱ ዘንድ ሙያውን የተማረው ቶም ሞሪስ ነበር።

በ1848 አካባቢ ጉታ ፐርቻ የተባለ አዲስ ነገር መጣ። ይህ ከማላያና ከአካባቢው ደሴቶች ዛፎች የሚገኝ ሙጫ መሰል ፈሳሽ ሲሆን፣ በሙቅ ውሃ ሲለሰልስ እንደ ሊጥ ይድቦለቦላል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ኳሱ ቢሰነጠቅ እንኳ እንደገና አቅልጦ መሥራት ይቻላል፤ ዋጋውም ከላባው ኳስ በብዙ እጅ ያነሰ ሆነ። ሮበርትሰን የእንጀራ ገመዱ እንደሚበጠስ ስለ ተረዳ አዲሱን ኳስ አጥብቆ ተቃወመ። አንድ ቀን ቶም ሞሪስ ኳስ አልቆበት በጉታ ፐርቻ ኳስ ሲጫወት በማየቱ ሁለቱ ተጣልተው ተለያዩ፤ በ1851 ሞሪስ ወደ ፕረስትዊክ ሄዶ የሜዳ ጠባቂ ሆነ። ሮበርትሰን ግን ብዙም ሳይቆይ እርሱ ራሱ ወደ አዲሱ ኳስ ዞረ። በእኔ አስተያየት ሮበርትሰንን በግትርነት ብቻ መክሰስ ተገቢ አይደለም። ዕድሜ ልክ የተማሩት የእጅ ጥበብ በአንድ ማሰሮ ሙቅ ውሃ ሲተካ ዝም ብሎ የሚያይ ባለሙያ ማን ነው?

በዚሁ ዘመን ጉታ ፐርቻ ከጨዋታ እጅግ የበለጠ ሥራ ነበረው። በ1851 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል፣ በኋላም በ1866 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጉት የቴሌግራፍ ገመዶች የተሸፈኑት በዚህ ቁስ ነው። ፈሳሹን ለማግኘት ዛፉ ከሥሩ ይቆረጥ ስለ ነበር፣ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ የማላያ ደኖች ክፉኛ ተመናመኑ። የኳሱ ድርሻ ከገመዱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ቢሆንም፣ በአንድ ስፍራ የረከሰ ዕቃ በሌላ ስፍራ ምን ያህል ውድ እንደሚሆን ማስታወስ አይከፋም።

አሁን ወደ ታሪኩ እምብርት ደርሰናል። የመጀመሪያዎቹ የጉታ ፐርቻ ኳሶች እንደ ዕብነ በረድ ልሙጥ ነበሩ። ሁሉም ሰው ልሙጥ ነገር አየሩን በቀላሉ ያልፋል ብሎ ስለሚገምት ይህ መልካም መስሎ ነበር። ኳሱ ግን በአየር ላይ ጥቂት እንደ ሄደ ቁልቁል ይወድቅ ጀመር። ተጫዋቾቹ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ብዙ ጊዜ ተመትቶ የተጫረና የተሰነጣጠቀ አሮጌ ኳስ ከአዲሱ ይልቅ ርቆና ቀና ብሎ ይበራል። ስለዚህ ሠሪዎቹ አዲሱን ኳስ ገና ከመሸጣቸው በፊት በመዶሻ እየመቱ ማቁሰል ጀመሩ፤ በኋላም ጭረቱን በቅርጽ ማውጫው ላይ አስቀርጸው እንደ እንጆሪ ፍሬ ጉብጉብ ያለ ኳስ አወጡ። ምክንያቱን የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

የነገሩን አንድ ክፍል የፈታው በኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ፍልስፍና መምህር የነበረው ፒተር ጋትሪ ቴት ነው። ቴት የጎልፍ ፍቅር የያዘው ሊቅ ነበር፤ ልጁ ፍሬዲ ቴት ደግሞ በ1896ና በ1898 የብሪታንያን የአማተር ሻምፒዮናነት ያሸነፈ ታላቅ ተጫዋች ሆነ። የሚሽከረከር ኳስ በአየር ላይ እንደሚጠመዘዝ ኒውተን በ1672 ስለ ቴኒስ ኳስ በጻፈው ደብዳቤ ጠቅሶት ነበር። ቴት ይህን ወደ ስሌት አመጣው። ረጅም ጥብጣብ ከኳሱ ጋር አያይዞ ሲያስመታ፣ ጥብጣቡ ስንት ጊዜ እንደ ተጠማዘዘ በመቁጠር ኳሱ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ እንደሚበር በቀላል ዘዴ አረጋገጠ። ይህ ሽክርክሪት ኳሱን ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል ይፈጥራል፤ ያለ እርሱ የጎልፍ ኳስ ያን ያህል ርቀት ሊሄድ አይችልም። ተጫዋቾች ግን ሽክርክሪትን እንደ ጉድለት ይቆጥሩት ነበርና የቴትን ቃል ለመቀበል ተቸገሩ። የሊቁ መጨረሻ ያሳዝናል። ፍሬዲ በየካቲት 1900 በደቡብ አፍሪካ ጦርነት ወደቀ፤ አባትየውም በማግሥቱ ዓመት ዐረፈ።

የቀረው ግማሽ ምሥጢር የጭረቱ ነበር። የሌስተር ከተማ የመነጽር መሣሪያ ሠሪ የነበረው መሐንዲስ ዊልያም ቴይለር፣ ጉብጉቡን ገልብጦ በኳሱ ገጽ ላይ ክብ ስርጉዶችን በማስቀመጥ በ1905 የፈጠራ መብት ጠየቀ። የዛሬው ኳስ የዚህ ልጅ ነው። ሉድቪግ ፕራንትል ከአንድ አካል ገጽ ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዘው ስስ የአየር ንጣፍ ያቀረበው ጥናት በ1904 የተሰማ ቢሆንም፣ ጉዳዩ በክብ አካል ላይ የተገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። በ1912 ጉስታቭ ኤፍል፣ ማማውን የሠራው እርሱ ራሱ፣ የአየር ፍጥነት ከአንድ ልክ ሲያልፍ በክብ አካል ላይ የሚደርሰው የአየር ተቃውሞ በድንገት እንደሚቀንስ ለካ። በ1914 ፕራንትል በሉል ዙሪያ ቀጭን ሽቦ አስሮ ምክንያቱን አሳየ። ንጣፉ ሲታወክ ከገጹ ቶሎ አይላቀቅም፤ ዘግይቶ ሲላቀቅ ደግሞ ከኋላ የሚቀረው ወደ ኋላ የሚስብ የአየር ሸለቆ ይጠባል። የኳሱ ስርጉድ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ተቃውሞውን ወደ ግማሽ ያህል ያወርደዋል። እንግዲህ የመዶሻው ጥበብ ከሳይንሱ ማብራሪያ በፊት ስድሳ ዓመት ያህል ተጉዟል ማለት ነው።

እግረ መንገዴን ለሚጫወቱ ባልደረቦች አንድ ነገር ልጨምር። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ ኳሱን የሚያዘገየው ኃይል ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሚያነሣውም ኃይል አብሮ ይቀንሳል። በጠረፍ የለመዱት ልኬት እዚህ ስለማይሠራ ርቀታችሁን በገዛ ሜዳችሁ ላይ እንደገና ለኩ። በተጨማሪም ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ አጥብቆ መምታት ሽክርክሪቱን አብዝቶ ኳሱን ወደ ሰማይ ይሰቅለዋል፤ ረጋ ብሎ ዝቅ አድርጎ መምታት ይሻላል።

ስርጉዱ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ኮበርን ሃስኬል የጎማ ክር በውጥረት የተጠመጠመበትን ኳስ በ1899 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በ1902 ሳንዲ ኸርድ በዚህ ኳስ የብሪታንያን ክፍት ውድድር ሲያሸንፍ የጉታ ፐርቻ ዘመን አበቃ። ከዚህ በኋላ ርቀት በየዓመቱ ያድግ ጀመር፤ የወሰንም ጥያቄ ተነሣ።

የጨዋታው ሕግ የሚወጣው በሁለት አካላት ነው፤ አንዱ መቀመጫው በሴንት አንድሩስ፣ ሌላው በአሜሪካ። በ1921 የኳሱ ክብደት ከ45.93 ግራም እንዳይበልጥ፣ ስፋቱም ከ41.15 ሚሊሜትር እንዳያንስ ተስማሙ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካኖቹ ስፋቱን ወደ 42.67 ሚሊሜትር ከፍ ሲያደርጉ ብሪታንያ ግን በትንሹ ጸናች። በዚህ ምክንያት አንድ ጨዋታ ከውቅያኖሱ ወዲህና ወዲያ በሁለት ኳስ ሲደረግ ኖረ። ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ነው፤ ለመስማማት ግን ስድሳ ዓመት ያህል ፈጀ። ትልቁ ኳስ በብሪታንያ ክፍት ውድድር ግዴታ የሆነው በ1974 ሲሆን፣ ትንሹ ፈጽሞ የተከለከለው በ1990 ነው። የብሎንና የቧንቧ ጥርስ በማይገጥምበት ሥራ ላይ የተሰቃየ ሰው ይህ አያስገርመውም።

አሜሪካኖቹ በ1942 የኳሱን የመነሻ ፍጥነት፣ በ1976 ደግሞ ጠቅላላ ርቀቱን በሕግ ወሰኑ። በ1970ዎቹ ፖላራ የተባለ ኳስ ብቅ አለ። ስርጉዶቹ በዙሪያው እኩል ስላልተደረደሩ በአየር ላይ ሲጠመዘዝ ራሱን ወደ ቀጥታ መስመር ይመልስ ነበር። ይህ ርቀትን ሳይሆን የእጅን ስሕተት የሚሽር ፈጠራ ነው፤ በ1981 ኳስ በሁሉም ጎኑ አንድ ዓይነት እንዲበር የሚያዝዝ ድንጋጌ ወጥቶ ከውድድር ታገደ። ውሳኔው ፈጥኖ በመምጣቱ ጉዳት ሳያደርስ ቀረ። የርቀት ጉዳይ ግን እንዲህ አልሆነም። ገደቡ የተለካው በጊዜው በነበረ የዱላ ፍጥነት ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ጠነከሩ፣ ዱላዎቹ ቀለሉ፣ ኳሱም ከሰው ሠራሽ ቁስ ይሠራ ጀመር። ገደቡ በወረቀት ላይ እንዳለ ኳሱ አልፎት ሄደ።

ዋጋውን የከፈለው መሬቱ ነው። በ1990 ክፍት ውድድሩ በአሮጌው ሜዳ ሲካሄድ ርዝመቱ 6,340 ሜትር ነበር፤ በ2022 ደግሞ 6,687 ሜትር ሆነ። ጉድጓዶቹ በስፍራቸው እንዳሉ የመምቻው ቦታ ወደ ኋላ ይሸሻል። በ2010 የአሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ መምቻ የተሠራው ከሜዳው ክልል ውጭ ነበር። ሴንት አንድሩስ ዙሪያዋ መሬት አላት፤ በከተማ ውስጥ የታጠረ ሜዳ ግን ወዴት ይሽሽ? ሜዳ ሲረዝም የሚታጨደው ሣር፣ የሚጠጣው ውሃና የሚከፈለው ደመወዝ አብሮ ይረዝማል፤ ይህንንም የሚሸከመው ኳሱን ያን ያህል አርቆ የማይመታው ተራ አባል ነው። ስለዚህ የሕጉ ባለቤቶች በ1990ዎቹ ቢነቁ ኖሮ ዛሬ የሚደረገው ክርክር ግማሹ ባልተነሣ ነበር የሚለው አስተያየት ለእኔ ትክክል ነው።

በታኅሣሥ 2023 ሁለቱ አካላት የፈተናውን ልክ እንደሚለውጡ አስታወቁ። ኳሱን የሚመታው ማሽን ፍጥነት በሰዓት ከ193 ወደ 201 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል፣ የርቀቱ ገደብ ግን 317 ያርድ፣ ማለትም 290 ሜትር ገደማ እንደ ሆነ ይቆያል። በማስታወቂያው ላይ ለታላላቅ ተወዳዳሪዎች 2028፣ ለሌላው ተጫዋች 2030 የመጀመሪያ ዓመት ሆኖ ተሰጠ። በግምቱ መሠረት እጅግ አርቀው የሚመቱት ከ12 እስከ 14 ሜትር ያጣሉ፤ የእሑድ ተጫዋች ከ5 ሜትር አይበልጥም። ኳስ አምራቾች ወዲያው ተቃወሙ።