የአምስት ደቂቃ ታሪክ፦ የልብ መቆም፣ የአንጎል ዝምታና የአካል ልገሳ



በዛሬው ምሽት የምናገረው ስለ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ሕክምና ሊመልሰው እንደማይችል የተረጋገጠ ሰው፣ ቤተሰቡ ተስማምቶ የመተንፈሻ መሣሪያው ሲነሣለት፣ ልቡ ቀስ በቀስ ይቆማል። ሐኪሞቹ ሰዓታቸውን እያዩ ይጠብቃሉ። የተወሰነው ጊዜ ሲሞላ ሞት ይታወጃል፤ የልገሳ ፈቃድ ካለም የቀዶ ሕክምናው ቡድን ሥራውን ይጀምራል። ይህ አሠራር የደም ዝውውር ከቆመ በኋላ የሚደረግ የአካል ልገሳ ይባላል። የመጠበቂያው ጊዜ በአንድ ስፍራ 2 ደቂቃ፣ በሌላው 5 ደቂቃ፣ ከዚያም አልፎ 75 ሴኮንድ ሆኖ ያውቃል።

የሞት መለያ ስለ ምን በደቂቃ ይለያያል? የኔ መልስ ይህ ነው፦ ሐኪሞች የልብን ዝምታ ሲለኩ የኖሩት በልብ በኩል ስለ አንጎል ሲጠይቁ ነው። ይህ ጥያቄ ለብዙ ዘመን ተሸፍኖ ኖሮ፣ በቅርቡ በመጣ አንድ የቀዶ ሕክምና ስልት ምክንያት ገሃድ ወጥቷል። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ብዬ ካልለየሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከትንፋሽ ወደ ልብ

በቋንቋችን «ነፍስ» እና «መተንፈስ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ሰው ሞተ ለማለት «እስትንፋሱ ተቋረጠ» እንላለን። በአውሮፓም የጥንቱ ፈተና ከአፍ ፊት የሚያዝ መስታወት ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ግን በሕይወት ሳሉ የመቀበር ፍርሃት በረታ። በፓሪስ የነበረው የአካል ጥናት ሊቅ ዣክ ቤኒኝ ዊንስሎ፣ ከመበስበስ በቀር የታመነ የሞት ምልክት የለም እስከ ማለት ደረሰ።

ላኔክ በ1816 የልብ ማዳመጫውን ፈለሰፈ። በ1840ዎቹ ደግሞ ወጣቱ ፈረንሳዊ ሐኪም ዩጂን ቡሹ፣ በማዳመጫው ለ2 ደቂቃ የልብ ምት ካልተሰማ ሰውየው ሞቷል ሲል ተከራከረ፤ የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚም ሸለመው። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ቡሹ መልስ የሰጠው በሕይወት የተቀበረ ሰው እንዳይኖር ለሚጨነቅ ሕዝብ ነው። ቀብር በማግሥቱም ይደርሳል፤ ስለዚህ ደቂቃዋ 2 ሆነች 10 ያን ያህል አታጨቃጭቅም ነበር። ደቂቃዋ የምትከብደው ከሞት በኋላ የሚቸኩል ሌላ ሥራ ሲመጣ ነው።

መሣሪያው የፈጠረው ሁኔታ

በ1952 ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ተመታች። ቢዮርን ኢብሰን የተባለው የማደንዘዣ ሐኪም፣ መተንፈስ ለተሳናቸው ሕሙማን በጉሮሮ በገባ ቱቦ አየር በእጅ እንዲገፋላቸው አደረገ፤ የሕክምና ተማሪዎችም ሌሊትና ቀን እየተፈራረቁ ይህን ሠሩ። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል መነሻ ይህ እንደሆነ ይነገራል።

ያው ሕይወት አድን ሥራ ከዚያ በፊት ያልነበረ ሁኔታ ወለደ። በ1959 ፈረንሳውያኑ ሞላሬና ጉሎን 23 ሕሙማንን ገለጹ። በመሣሪያ ይተነፍሳሉ፣ ልባቸው ይመታል፤ አንጎላቸው ግን ምንም ምላሽ አይሰጥም። ሁለቱ ሐኪሞች ይህን «ከኮማ ያለፈ ኮማ» አሉት። ከዚያ 2 ዓመት ቀደም ብሎ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 12ኛ ለማደንዘዣ ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ የሞትን ሰዓት መወሰን የሐኪሙ ድርሻ መሆኑን ተናግረው ነበር።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1967 ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕታውን የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ አደረገ። ተቀባዩ 18 ቀን ኖረ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ፣ በሄንሪ ቢቸር የተመራው የሃርቫርድ ኮሚቴ የማይመለስ ኮማ የሞት መለያ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ኮሚቴው ሁለት ምክንያቶችን ጠቀሰ፦ ተስፋ የሌላቸው ሕሙማን በቤተሰብና በሆስፒታል ላይ የሚያስከትሉትን ሸክም፣ እንዲሁም የቀድሞው መለያ በንቅለ ተከላ ላይ የሚያስነሣውን ውዝግብ። ይህ ሁለተኛው ምክንያት ኋላ ብዙዎችን አስቈጥቷል፤ ነገር ግን በግልጽ መጻፉ እንደ ታማኝነት ሊቈጠርለት ይገባል።

በ1981 በአሜሪካ የቀረበው ወጥ የሞት መወሰኛ ሕግ ሁለቱን መለያዎች ጎን ለጎን አኖራቸው፦ የደም ዝውውርና የትንፋሽ ተግባር በማይመለስ ሁኔታ መቆም፣ ወይም የአንጎል ግንድን ጨምሮ የመላው አንጎል ተግባር በማይመለስ ሁኔታ መቆም። ሁለቱን መንገዶች ያገናኘው «ወይም» የሚለው ቃል ነው። መንገዶቹ ወደ አንድ ሞት ያደርሳሉ ወይስ ሁለት ዓይነት ሞት አለ የሚለውን ግን ሕጉ አላብራራም።

ሰዓቱ ተመልሶ መጣ

የአንጎል ሞት መለያ ከተስፋፋ በኋላ፣ ከሟቾች የሚገኘው አካል በአብዛኛው ልባቸው እየመታ ካሉ ለጋሾች የሚወሰድ ሆነ። እነርሱ ግን ጥቂት ናቸው፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ደግሞ ብዙ። ስለዚህ ሐኪሞች ልባቸው ወደ ቆመ ለጋሾች ፊታቸውን መለሱ። የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማእከል በ1992 ባወጣው መመሪያ የመጠበቂያውን ጊዜ 2 ደቂቃ አደረገ፤ የቡሹ ቁጥር ከ140 ዓመት በላይ ቆይታ ተመለሰች። በ1995 በማስትሪኽት ከተማ የተደረገ ጉባኤ ለጋሾቹን በ4 ምድብ ከፈለ። በ1997 ደግሞ የአሜሪካ የሕክምና ተቋም 5 ደቂቃ ይሁን ሲል መከረ።

በ2008 ከዴንቨር የተሰማው ዜና ክርክሩን አጋለው። ሐኪሞች ልባቸው ከቆመ ሦስት ሕፃናት ልብ ወስደው ለሌሎች ሕፃናት ተክለዋል። በመጀመሪያው 3 ደቂቃ፣ በሁለቱ 75 ሴኮንድ ብቻ ነበር የጠበቁት። የሥነ ምግባር ሊቁ ሮበርት ቪች ያነሣው ጥያቄ ቀላልና ከባድ ነበር፦ ልቡ በሌላ ሕፃን ደረት ውስጥ መምታት ከቻለ፣ መቆሙ «የማይመለስ» ነበር እንዴት ይባላል?

የነርቭ ሐኪሙ ጄምስ በርናትና ሌሎች ለዚህ መልስ ሲሹ ሁለት ቃላትን ለዩ። «የማይመለስ» ማለት ቢሞከርም የማይሆን ነው። «ቋሚ» ማለት ግን በራሱ የማይነሣ፣ ሰዎችም ሊያነሡት የማይሞክሩት ነው። ለሞት ሁለተኛው ይበቃል አሉ። ይህን የደገፈ ማስረጃ በ2021 ታተመ። በሦስት አገሮች የመተንፈሻ መሣሪያ የተነሣላቸው 631 ሕሙማን ተጠንተው፣ ሙሉ የሞገድ መዝገብ ከተገኘላቸው 480 መካከል በ67ቱ ልብ ከቆመ በኋላ ለጥቂት ጊዜ እንቅስቃሴ አሳይቷል። ይሁንና ልብ ተመልሶ ከመነሣቱ በፊት የታየው ረጅሙ ዝምታ 4 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነበር። የ5 ደቂቃው ልማድ በመረጃ ድጋፍ አገኘ፤ ያም ስለ ልብ ነው።

መቆንጠጫው የት ላይ ነው?

ደም ሳያገኝ የቆየ ጉበት ይጎዳል፤ በተለይ የሐሞት ቧንቧዎቹ። ይህን ለመከላከል አካባቢያዊ ዝውውር የሚባለው ስልት መጣ። ሞት ከታወጀ በኋላ ለጋሹ ከፓምፕና ኦክስጅን ከሚሰጥ መሣሪያ ጋር ይያያዛል፤ ደሙም በሰውነት ሙቀት ልክ ሆኖ ወደ ብልቶቹ እንደ ገና ይዘዋወራል። በአንደኛው ዓይነት ዝውውሩ በሆድ ብቻ እንዲወሰን ዋናው የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ደረት ውስጥ ይዘጋል። በሁለተኛው ደረትም ይጨመራል፤ ያን ጊዜ ልቡ በለጋሹ ደረት ውስጥ እንደ ገና ይመታል። ደም ወደ አንጎል እንዳይደርስ ግን ወደ ራስ የሚሄዱት ቧንቧዎች በመቆንጠጫ ይዘጋሉ።

የክርክሩ ልብ እዚህ ላይ ነው። «ቋሚ» ማለት ማንም ሊያነሣው የማይሞክር ከሆነ፣ እዚህ ዝውውሩ ሆን ተብሎ ተነሥቷል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2021 ይህ አሠራር እንዲገታ የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው፣ ሰውየው ሞቷል የሚያሰኘው አንጎሉ ደም ማጣቱ ነው፤ አንጎሉ ካላገኘ የቀረው ሰውነት ደም ቢያገኝ ሙታን አያስነሣም ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ፣ እንግዲያው የአንጎልን ሞት ያጸናው የእናንተው መቆንጠጫ ነው ሲሉ ይመልሳሉ።

የአንጎል ሳይንስ በዚህ ላይ የሚለው አለ። ዝውውር ሲቆም ንቃተ ኅሊና በሴኮንዶች ውስጥ ይጠፋል፤ ብዙም ሳይቆይ የኤሌክትሪክ ሞገዱ ጸጥ ይላል። የሚሺጋን ተመራማሪዎች በ2023 በ4 ሕሙማን ላይ ባወጡት ጥናት፣ መሣሪያው ከተነሣ በኋላ በሁለቱ ፈጣን የአንጎል ሞገድ ሲጨምር ታይቷል፤ ያ ግን ልባቸው ገና ሳይቆም የሆነ ነው፣ ሕሙማኑ የተሰማቸው ነገር መኖሩንም አያስረዳም። በሌላ በኩል የዬል ተመራማሪዎች በ2019 ከታረዱ 4 ሰዓት ባለፋቸው የአሳማ አንጎሎች ውስጥ ልዩ ፈሳሽ በማዘዋወር አንዳንድ የሕዋሳት ተግባራትን መልሰዋል። የንቃት ምልክት የሚሆን የተቀናጀ ሞገድ አልታየም፤ ቢታይ ግን ለማደንዘዝ ተዘጋጅተው ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ የአንጎል ሕዋስ ዝምታና የሕዋስ ሞት አንድ አለመሆናቸውን ነው። ዝምታው ሞት ሆኖ የሚጸናው ደም ተመልሶ እስካልደረሰ ድረስ ነው።

ስለዚህ ክርክሩ ወደ ተጨባጭ ጥያቄ ይወርዳል፦ በመቆንጠጫው አልፎ፣ በአከርካሪ አካባቢ ባሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ዞሮ፣ ጥቂት ደም ወደ አንጎል ግንድ ይደርስ ይሆን? አንዳንድ ቡድኖች የተዘጉትን ቧንቧዎች ከመቆንጠጫው በላይ ከፍተው የሚደርሰው ደም ወደ ውጭ እንዲፈስ የሚያደርጉት ይህን ስጋት ለማስወገድ ነው። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ራሱ ይመሰክራል፤ የሰዓቱ ጥያቄ ስለ ልብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ስለ ራስ ቧንቧዎች ባልተጨነቀ ነበር።

ካናዳ በ2023 ባወጣችው መመሪያ ይህን በግልጽ ተቀበለች፦ ሞት የአንጎል ተግባር በቋሚነት መቆም ነው፤ የደም ዝውውር መቆም ወደዚያ የሚያደርስ አንዱ መንገድ ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የ1981ዱን ሕግ ለማሻሻል የተጀመረው ሥራ ስምምነት ታጥቶ ቆመ። «ወይም» የሚለው ቃል አሁንም በስፍራው አለ።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር፣ የተመሠረተው በሕይወት ባሉ ለጋሾች ላይ ነው። ከሟች የምንቀበለው የዓይን ብሌን ከሞት ሰዓታት በኋላም ሊወሰድ ይችላል፤ ስለዚህ የደቂቃ ጥያቄ አላስነሣብንም። ከሟቾች ኩላሊትና ጉበት የመቀበል ውይይት ሲመጣ ግን ይህ ጥያቄ አብሮ ይመጣል።

ታሪኩን ስንመለከት፣ የሃርቫርድ ኮሚቴም ሆነ የዴንቨር ሐኪሞች የተወቀሱት ሥራው ቀድሞ የሕዝብ ውይይት ስለተከተለ ነው። በአንድ በኩል ወረፋ ሲጠብቅ የሚሞት ሕመምተኛ አለ፤ በሌላ በኩል የሚወደውን ሰው እጅ ይዞ የተቀመጠ ቤተሰብ። ለዚያ ቤተሰብ «ልቡ ቆሟል» ብሎ ማቆም አይበቃም። ልቡ በደረቱ ውስጥ እንደ ገና ሊመታ እንደሚችል፣ ወደ አንጎሉ የሚሄደው መንገድ ለምን እንደሚዘጋ፣ ያም እንዴት እንደሚረጋገጥ ከፈቃዱ በፊት ሊነገረው ይገባል። ይህን ሰምቶ እሺ ያለ ቤተሰብ ስጦታው እውነተኛ ስጦታ ነው። ሳይሰማ እሺ ብሎ ኋላ ከሌላ የሰማ ቤተሰብ ግን ለጎረቤቱ የሚነግረው ሌላ ነው፤ እንዲህ የጠፋ አመኔታ ደግሞ በምንም መሣሪያ አይመለስም።