በጣልያን ወረራ ዘመን የተደረገ የእርዳታ ልገሳ

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ወረራው ሊጀመር ሦስት ወር እንኳ ሳይቀረው ነበር። የአገሪቱ ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ስለነበሩ የውጭ ልገሳ የግድ ሆነ። ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ፊንላንድና ሆላንድ የሕክምና ጓድ ላኩ። የእንግሊዙ ጓድ በሕዝብ መዋጮ ተቋቁሞ በዶክተር ጆን ሜሊ መሪነት ወደ ሰሜን ግንባር ዘመተ። በአዲስ አበባም የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር አባላት የቁስል መጠቅለያና ከመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ያዘጋጁ ነበር፤ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የእጅ ሥራም ልገሳ መሆኑን ያሳዩት እነርሱ ናቸው።

የቀይ መስቀል ምልክት ግን ከቦምብ አላዳነም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ የሰፈረውን የስዊድን ጓድ ደበደቡ፤ ብዙ ቁስለኞች አለቁ፣ ስዊድናዊው ጉናር ሉንድስትሮምም ሞተ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ ቆረም አቅራቢያ የእንግሊዙ ጓድ ድንኳኖች ተመቱ። ለጋሾች ከባሕር ማዶ የላኩት መድኃኒትና ድንኳን እንዲህ ወደመ። ሜሊ ራሱ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ በከተማዋ በተነሣው ዘረፋ መሀል ቁስለኛ ሲረዳ በጥይት ተመትቶ አረፈ።