ስንቅ እስከ አንጎል

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሲነሳ ቶሎ የሚመጣልን ፖለቲካ ነው። እስቲ ዛሬ ስለ ስንቁ እናውራ። በሩ ላይ ፌስታልና ሳህን ይዘው ወረፋ የጠበቁ እናቶችና እህቶች ያመላለሱት ስንቅ ስንት ታሪክ አለው!

«አካል እንጂ አእምሮ አይታሰርም» እንላለን። ደስ ይላል። ግን አእምሮም የሚሠራው በአካል ነው፤ አካል ደግሞ በሚበላው። ይህን ለማወቅ ሳይንስ ራሱ ብዙ ዘግይቷል።

እስከ 1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ቅባት ለሰውነት ማገዶ ብቻ ይመስል ነበር። በ1929 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዎቹ ባልና ሚስት ጆርጅና ሚልድሬድ በር ቅባት የሌለበት ምግብ ብቻ የሚሰጣቸው አይጦች ታመው እንደሚሞቱ አሳዩ። ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው ፋቲ አሲዶች መኖራቸው ታወቀ።

የነርቩ ነገር የመጣው በ1982 ነው። ራልፍ ሆልማንና ባልደረቦቹ ሆዷን በጥይት ተመታ አንጀቷ የተቆረጠ የ6 ዓመት አሜሪካዊት ልጅ ታሪክ ጻፉ። የምትመገበው በደም ሥሯ ነበር፤ ቅባቱም የሱፍ ዘይት። ከወራት በኋላ እግሯ ደነዘዘ፣ መራመድ አቃታት፣ ዓይኗ ብዥ አለባት። ዘይቱ በአኩሪ አተር ሲተካ ሕመሙ ለቀቃት። የሱፍ ዘይት ኦሜጋ 3 የለውም ማለት ይቻላል።

ይኼኔ የጾም ገበታችን ትዝ አይላችሁም? ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ ፍትፍት፣ የኑግ ዘይት። ለእኛ ሁሉም ቅባት ነው፤ ለነርቭ ግን አንድ አይደሉም። ከሦስቱ በኦሜጋ 3 የበለጸገችው «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» እያልን የምንንቃት ተልባ ናት፤ ከዘይቷ ከግማሽ በላዩ እሱ ነው።

ሆኖም አንጎል የሚፈልገው ዲኤችኤ የሚባለውን ሌላ ኦሜጋ 3 ነው፤ ሰውነታችን ከተልባው ወደዚህ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። ዓሣ ውስጥ ግን ተዘጋጅቶ ይገኛል። በ2011 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሂ ዮንግ ኪም ቡድን አንጎል ከዲኤችኤ የሚሠራው አንድ ውጤት፣ ሲናፕታማይድ ያሉት፣ የአይጥ ነርቭ ሕዋሳት ቅርንጫፍ እንዲያወጡና እርስ በርስ እንዲገናኙ እንደሚያደርግ አሳየ። በ2016 ደግሞ መልእክቱን የሚቀበለውን የሕዋስ «በር» አገኙት። ቅባቱ ጡብ ብቻ ሳይሆን ትእዛዝም ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቃሊቲ እንመለስ። በሴቶቹ ክልል ከታሰሩ እናቶቻቸው ጋር ያደጉ ሕፃናት አሉ። የሰው አንጎል በፍጥነት የሚያድገው ከመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት እስከ 2 ዓመት ድረስ ነው። ሕፃኑ ዲኤችኤን የሚያገኘው መጀመሪያ ከእናቱ ደም፣ ቀጥሎ ከጡቷ ነው። ፍርድ ቤት ለእናትየው ዓመታት ሲቆጥር ለልጁ ምንም አልፈረደበትም። የእሷ ሳህን ላይ የጎደለው ግን ከእሱ ላይ ሊጎድል ይችላል።

ስለዚህ ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ እስረኛ ዓሣ ወይም እንቁላል መጨመር ቅንጦት አይደለም። ስንቅ የሚያመጣላት ዘመድ ያላትም የሌላትም እኩል ልታገኘው ይገባል። ጥፋት የሌለበት ልጅ አንጎል በወረፋው ላይ በቆመ ዘመድ ዕድል መወሰን የለበትም።